በአንድ መጋዘን ሁለት ቁጥር አንድ

ሰውዬውን ዛሬም አልወደውም። ሞተ ብለው ሲነግሩኝ «ነፍስ ይማር» ለማለት እንኳ ምላሴ ከብዶኝ ነበር፤ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው ያልኩት። የመሥሪያ ቤታችን ሥራ አስኪያጅ ነበር። ሌላው ሰው ሲጋራ እንደሚያምረው እሱን ሰው ማዋረድ ያምረው ነበር፣ በተለይ ከምሳ በኋላ። ጠዋት ጠዋት ደህና ነው፤ ከምሳ መልስ ግን ማንም ሰው በቢሮው በር በኩል ማለፍ አይፈልግም፣ እኛ ሁላችንም በጓሮ በኩል ነበር የምንዞረው።

የእርዳታ እህል የሚያከፋፍል ድርጅት ነው የምንሠራው። ዋናው ቢሮ ብስራተ ገብርኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ፤ መጋዘኑ ደግሞ ንፋስ ስልክ፣ ከፋብሪካዎቹ ጀርባ። የሥራ አስኪያጁ ቤት ሳር ቤት ነበር። እነዚህን ሦስት ቦታዎች ያዙልኝ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው አንድ ላፕቶፕ በሦስቱ መካከል ሲመላለስ ነው።

ላፕቶፑን ይዞት የመጣው ለጥቂት ወራት ሊያሠለጥነን የተላከ ፈረንጅ ነው። ጊዜው ኢሜይል የሚባል ነገር አዲስ አበባ ገና በቅርቡ የገባበት ነበር፤ ላፕቶፕ ያለው ሰው እንደ ትልቅ ሰው ይታያል። ፈረንጁ ሲሄድ ለሥራ አስኪያጁ ተወለት። ውስጡ ያለው ግን ሰው የለመደው ዊንዶውስ አይደለም፣ ሊኑክስ ነው። ሲከፈት ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ጽሑፍ መዓት ይወርዳል። ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ያየው ቀን ተበላሽቷል ብሎ ሾፌሩን ጠርቶ «መንገድ ላይ እያንገጫገጭክ ገደልክብኝ» ብሎ ጮኸበት። ምስኪን ሾፌር፣ ይቅርታ ጠየቀ።

ከፈረንጁ ጋር የሠራሁት እኔ ነበርኩና ነገሩ እኔው ራስ ላይ ወደቀ። የኮምፒዩተር ክፍል ይባላል እንጂ ክፍሉ እኔ ነበርኩ፤ እኔና አንድ አልዘጋ ያለ መስኮት።

የላፕቶፑ ችግር እንዲህ ነው። በገመድ የተያያዙ ኮምፒዩተሮች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር አላቸው፣ እንደ ቤት ቁጥር ማለት ነው። ብስራተ ገብርኤል ያሉት ኮምፒዩተሮች አንድ ዓይነት አቆጣጠር አላቸው፣ ንፋስ ስልክ ያሉት ሌላ። የሥራ አስኪያጁ ቤት ደግሞ ገመድ የሚባል ነገር የለም፣ በስልክ ደውሎ ነው የሚገናኘው። ስለዚህ ላፕቶፑ ቦታ በቀየረ ቁጥር ማንነቱንም መቀየር አለበት፦ ቁጥሩን፣ ወደ ውጭ የሚወጣበትን መንገድ፣ ኢሜይሉን ከየት እንደሚያመጣ። ዛሬ ማሽኑ ራሱ ይወጣዋል። ያኔ ማን ይቀይረው? እኔ! ብስራተ ገብርኤል አስተካክዬ እሰጠዋለሁ፤ ንፋስ ስልክ ሲደርስ አልሠራ ይላል፤ ስልክ ይደወላል። «ያ ዕቃሽ ሞቷል፣ ነይና ቅበሪው» ይለኛል። ውይይት ታክሲ ላይ ተጠቅጥቄ፣ ጎተራ ወርጄ፣ ሌላ ይዤ፣ አቧራ ለብሼ እደርሳለሁ። ሁለት መስመር ቀይሬ እመለሳለሁ። እሱ ደግሞ ሳር ቤት ገብቶ ከቤቱ ይደውላል።

ሰለቸኝ። ቅዳሜን ሙሉ ቁጭ ብዬ ለሦስቱም ቦታ የየራሱን ፋይል አዘጋጀሁና ላፕቶፑ ሲከፈት «የት ነዎት?» ብሎ እንዲጠይቅ አደረግሁት። ጥቁሩ ገጽ የእኛን ፊደል ስለማያውቅ አማርኛውን በላቲን ፊደል ነው የጻፍኩት። ቢሮ፣ መጋዘን፣ ቤት፤ አንዱን መምረጥ ብቻ ነው፣ የቀረውን እሱ ይጨርሳል። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ለእናቴ ሁሉ ነገርኳት፣ ምንም ባይገባትም እሰይ አለች።

ሥራ አስኪያጁ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እኔን የት ነህ ብሎ የሚጠይቀኝ ይሄ ማነው? ሚስቴም አትጠይቀኝ!»

«ነህ አይልም፣ ነዎት ነው የሚለው» አልኩት። ምን ነክቶኝ በአንቱታ ልጽፍለት እንደቻልኩ እኔም ገርሞኛል።

የቁጥሩን ነገር ልንገራችሁ እንጂ፣ ዋናው እሱ ነው። ፈረንጁ ብስራተ ገብርኤል ገመዱን ሲዘረጋ ቁጥሩን እንደመጣለት ነበር የሰጠው። ሥራ አስኪያጁ አንድ ቀን «ቁጥር አንድ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ፈረንጁ የዋህ ነው፣ የጸሐፊዋን ኮምፒዩተር አሳየው። ወይ ጉድ! ያን ቀን የነበረውን ጩኸት የጎረቤት ግቢ ሰምቷል። ከዚያ ወዲያ ቁጥር በማዕረግ ሆነ። አንድ ሥራ አስኪያጁ፣ ሁለት ምክትሉ፣ ሦስት የፋይናንስ ኃላፊው፣ እያለ እየወረደ እኔ ጋ ሲደርስ አሥራ ስምንት። ፈረንጁ መጀመሪያ ሳቀ፣ ኋላ ላይ ግን ሳቁን ተወው፤ ምክንያቱም ሰዉ አሠራሩን ወደደው። የግዥ ኃላፊው ከአስተዳደር ኃላፊዋ በታች ተደረግሁ ብሎ አኩርፎ እኔን ሰላም ማለት ተወ። ለቅሶ ቤት ማን የት እንደሚቀመጥ ሁሉም ሰው እንደሚያውቀው ሁሉ ቁጥሩንም እንደዚያ አደረጉት። ማሽኑ ምን አገባው? ለእሱ አንድም አሥራ ስምንትም ያው ናቸው።

መጋዘን ሦስት ኮምፒዩተር ነበር። በማዕረግ ከተባለ እዚያ አንድ የሚሆኑት የመጋዘን ኃላፊው ናቸው፣ ጋሼ ነበር የምላቸው። ዕድሜያቸውን ከጆንያ ጋር የጨረሱ፣ የእህል አቧራ ደረታቸው ውስጥ ገብቶ ሁልጊዜ የሚያስላቸው፣ ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ ሰው። ቁጥር አንድ ሰጠኋቸው። የስንዴው፣ የዘይቱ፣ የብርድ ልብሱ ክምችት ሁሉ በእሳቸው ኮምፒዩተር ውስጥ ነው የተቀመጠው፤ ሌሎቹ ማሽኖች ክምችት ማየት ሲፈልጉ ቁጥር አንድን ይጠይቃሉ። ጋሼ በሁለት ጣት ነው የሚጽፉት፣ ግን አይሳሳቱም። መጀመሪያ ሲነኩት እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረግ ያደርጉ ነበር።

ጡረታቸው ደርሶ ነበር። ንብረት የያዘ ሰው እንዲሁ ተነስቶ አይወጣም፤ አንዲት ጆንያ ሳትጎድል አስረክቦ ክሊራንስ መያዝ አለበት። ክሊራንስ የሌለው ጡረታውን አያይም፣ ሲብስም ፍርድ ቤት ነው። ጋሼ ግን ከጡረታውም በላይ የሚጨነቁበት ነገር ነበራቸው። አብረዋቸው መጋዘን የጀመሩት አንዱ ታስሯል፣ አንዱ ባልበላው ዕቃ ስሙ ጠፍቶ አገር ለቋል። «ልጄ፣» ይሉኝ ነበር፣ «እህል መሃል ኖሬ ሌባ ሳልባል ቤቴ ልግባ። ሌላ ምንም አልጠይቅ። ይህቺን ብቻ።» ይህንን በሄድኩ ቁጥር ነው የሚሉኝ። እኔም «ጋሼ ደግሞ፣ ማን እርስዎን ሌባ ይላል?» እላቸዋለሁ።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ መጋዘን መጥቶ ላፕቶፑን ከፈተና መጋዘን የሚለውን መረጠ። ማሽኑ የያዘውን ቁጥር ገጹ ላይ ጻፈ።

«ይሄ ዘጠኝ ምንድነው?» አለኝ።

«ቁጥርዎ ነው፣ እዚህ ሲሆኑ።»

«አንዱን ማን ያዘው?»

ጋሼ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«አንተ?» አላቸው። አንተ! አባቱ የሚሆኑትን ሰው። «እኔ ዘጠኝ፣ አንተ አንድ? ዘበኛውስ ስንት ነው?»

«ዘበኛው ኮምፒዩተር የለውም» አልኩ።

«ቢኖረው ስምንት ታደርጊው ነበር ማለት ነው።»

ደሜ ፈላ፣ ግን ረጋ ብዬ አስረዳሁት። ሁለት ማሽን አንድ ቁጥር መያዝ አይችልም፣ ይደባለቃል። ካስፈለገ ደግሞ የጋሼን ወደ ሁለት እቀይራለሁ፤ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል እንጂ ይቻላል አልኩ። እኔ በበኩሌ መፍትሔ የሰጠሁ መስሎኝ ነው። እሱ ጋሼን ከላይ እስከ ታች አያቸውና «መቀየር አያስፈልግም» አለ። «እኔ ስመጣ ተነስቶ ያጥፋ።»

«እሳቸው ካጠፉ ግን እርስዎ ክምችቱን ማየት አይችሉም፤ ክምችቱ ያለው እሳቸው ጋ ነው።»

«ክምችት ማየት የእሱ ሥራ ነው፣ የእኔ አይደለም።»

ቃል በቃል ይህንን ነው ያለው። ጥፋቱ ያንቺ ነው የሚል ካለ ይህንን ደግሞ ያንብብልኝ። ያዘዘኝን አደረግሁ፣ ላፕቶፑ መጋዘን ሲገባ ቁጥር አንድ እንዲሆን አስተካከልኩ፣ የሚሆነውንም ነገርኩት።

ከዚያ ወዲያ መኪናው በር ላይ ጥሩምባ ሲነፋ ጋሼ የጀመሩትን ትተው ይነሳሉ፣ ኮምፒዩተራቸውን ያጠፋሉ፣ እጃቸውን አጣምረው ከወንበሩ አጠገብ ይቆማሉ። ጫኞቹ ያያሉ። እሱ በወንበራቸው ተቀምጦ ኢሜይሉን ያነባል፤ ቢያነብ ቢያነብ አያልቅበትም። ኢሜይሉን የማስተካክልለት እኔ ስለሆንኩ አንዳንዴ አዲስ ኢሜይል እንዳልመጣለት አይቻለሁ። ዝም ብሎ ጥቁሩን ገጽ እያየ ነው የሚቀመጠው። ጋሼ ሳላቸው ሲነሳ «ውጭ!» ይላል ዞር ሳይል። ወጥተው ስለው ተመልሰው ይቆማሉ። እኔ ስነድ «ተይው ልጄ፣ ሰው የሚሞተው በመቆም አይደለም። ክሊራንሴን ይስጠኝ እንጂ ብፈልግ ቆሜ አድራለሁ» ይሉኛል።

እንግዶቹ የመጡት ጋሼ ሊያስረክቡ ሲዘጋጁ ነው። እርዳታውን ከሚሰጡት ወገን ሁለት ፈረንጆች፣ ከመንግሥት ደግሞ አንድ ኃላፊ። ሥራ አስኪያጁ ላፕቶፑን ሊያሳያቸው ቋምጧል፤ እኔንም አብሬ እንድገኝ አዘዘኝ፣ ቢበላሽ የሚሰደብ ሰው ያስፈልገዋል። መጋዘን ደረስን። ጋሼ ተነስተው አጠፉ፣ ቆሙ። እንግዶቹ ወንበር ተሰጣቸው።

«ከአሁን በኋላ ወረቀት የለም» አላቸው በእንግሊዝኛ። «ሰው ይዋሻል፣ ኮምፒዩተር አይዋሽም።» ፈረንጆቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንደኛዋ ታዲያ በጨዋ ደንብ «እንግዲያው ያለውን እህል ልናይ እንችላለን?» አለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ያ የቀድሞው ፈረንጅ ለማሳያ ብሎ የክምችቱን ፕሮግራም ላፕቶፑ ላይም ጭኖት ነበር፤ የዕቃው ስም ያለበት፣ ልኩ ግን ባዶ የሆነ። ሥራ አስኪያጁ ገና ዘጠኝ ሳለ ደግሞ እኔ ክምችት የሚል ትእዛዝ ሠርቼለት ነበር፤ ሲነካው ቁጥር አንድን ይጠይቃል። አሁን ግን ቁጥር አንድ ማነው? ራሱ! ጋሼ ጠፍተዋል። ላፕቶፑ ራሱን ጠይቆ ራሱ ሊመልስ ነው።

ልክ እጁን ሲዘረጋ ገባኝ። «ጌታዬ፣ አንድ ጊዜ...» አልኩ። ነካው።

ስንዴ ዜሮ። ዘይት ዜሮ። ብርድ ልብስ ዜሮ። ድንኳን ዜሮ። እስከ ታች ድረስ ዜሮ።

ሥራ አስኪያጁ ፊቱን አዙሮ ጋሼን አያቸው። አይ የዚያን ሰው ፊት! የደነገጠ ሰው ፊት አልነበረም፤ ያገኘ ሰው ፊት ነበር። «የት አደረስከው?» አላቸው።

ጋሼ ነገሩ አልገባቸውም። ገጹን አዩት፣ ደግመው አዩት። «ምኑን ጌታዬ? ያው ውስጥ ነው እኮ።»

«ውስጥ? ኮምፒዩተሩ ይዋሻል?»

ያኔ ነው የጮኽኩት። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጮኽኩ። ላፕቶፑ ራሱን ነው የጠየቀው፣ የጋሼ ማሽን ጠፍቷል፣ ሁለቱም አንድ ቁጥር ናቸው፣ እባካችሁ አብሩትና እዩት! ፈረንጇ ወደኔ ዞር ብላ መስማት ጀምራ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ግን ፈገግ ብሎ በእንግሊዝኛ «አትፍረዱባት፣ ዘመዷ ነው፣ አጎቷ ነው» አላት። ዘመዴ! ጋሼ የመንዝ ሰው፣ እኔ የወላይታ ልጅ፣ በየት በኩል ተዛምደን! ዓይኑን በጨው ያጠበ። ፈረንጇ ግን አዝና «አዎ፣ ይገባኛል» አለችና ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሳች።

«በሩ እኮ ያው!» አልኩ። ከተቀመጡበት ወንበር እስከ መጋዘኑ በር እዚያና እዚህ ነው። የጆንያው ሽታ እኛ ድረስ ይመጣል፣ ሌላኛው ፈረንጅ በስንዴው አቧራ ሲያስነጥስ ነበር እኮ! «ይከፈትና በዓይናችሁ እዩት!»

ጋሼ ቁልፉን ይዘው ወደ በሩ ራመድ አሉ። «ቁም!» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ማስረጃ ልታበላሽ ነው? ቁልፉን አምጣ።» የመንግሥት ኃላፊውም ሰዓቱን አየት አደረገና «ልክ ነው፣ ይታሸግና በኮሚቴ ይቆጠር፣ ሥርዓቱ እሱ ነው» አለ። ጋሼ ቁልፉን ከቀበቷቸው ለመፍታት ቢሞክሩ አልፈታ አላቸው። እጄን ሰድጄ እኔ ፈታሁላቸው፣ ሥራ አስኪያጁም ተቀብሎ ኪሱ ከተተው። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጫኞቹ በር ላይ ተደርድረው ያያሉ፣ ከመካከላቸው ከጋሼ ሠፈር የሚመጣ አንድ ሰው አለ፤ እሱ አንገቱን ደፋ። ማሸጊያው ብስራተ ገብርኤል ስለነበር መጋዘኑ የታሸገው በማግስቱ ጠዋት ነው። ጋሼ ከሥራ ታግደው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። ሳይፈቅድልኝ ነው የገባሁት። ላፕቶፑን ከፈትኩና መጋዘን የሚለውን መረጥኩ፤ ከዚያ ገመዱን ነቀልኩ። «ይኸው፣» አልኩት፣ «አሁን ከማንም ጋር አልተገናኘም። ንፋስ ስልክ የለም፣ ጋሼ የለም፣ ገመድ የለም።» ክምችት የሚለውን ነካሁ። ስንዴ ዜሮ፣ ዘይት ዜሮ፣ ያው ትናንት ያየው መጣ። ሕፃንም ይገባዋል።

ገባው። ሞኝ አልነበረም እኮ፣ ሞኝ ቢሆንማ እንዲህ አልጠላውም ነበር። ወንበሩ ላይ ለጠጥ ብሎ ገጹን አየው። «ገብቶኛል» አለ።

«እግዜር ይስጥልኝ! እንግዲያው ይደውሉላቸው።»

«ለማን?»

«ለጋሼ ነዋ! ለእንግዶቹም።»

«አንቺ ልጅ፣» አለኝ፣ እንዲያውም ለስለስ ብሎ፣ «ፈረንጅ ፊት የተናገርኩትን መልሼ ልዋጥ? የራሴን ኮምፒዩተር አላውቅም ልበል? ኮሚቴው ይቆጥራል፣ እህሉ ካለ አለ። እሱ ምን ይሆናል? የለመደ ነው፣ ይቆማል።» ከዚያ ገመዱን መልሼ እንድሰካ በጣቱ አሳየኝ።

የኮሚቴውን ቆጠራ ስንጠብቅ ጋሼ ጋ በስልክ እደውል ነበር፣ ጎረቤታቸው ሱቅ ነው ስልኩ ያለው። «ይቆጠር፣ ይቆጠር» ይላሉ። «ያለው አለ። ሰው ሲያየው ይፈታል።» ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር። እኔም እንደሳቸው አምን ነበር። ስንዴ እኮ አይደበቅም፣ ዓይን ያለው ያየዋል፣ ከዚያ ወዲያ ምን ሊባል ነው?

ተቆጠረ። አንድ ጆንያ አልጎደለም። አንድ ጣሳ ዘይት አልጎደለም። ኮሚቴው ውስጥ የነበረችው ሴት ወጥታ ስትነግረኝ ግቢው መሃል እልል አልኩ፣ ዘበኛው «ሰርግ አለ እንዴ?» አለ። ሥራ አስኪያጁ ከሰዓት በኋላ ሁላችንንም እዚያው መጋዘን ሰበሰበንና የኮሚቴውን ውጤት ሰማን። «ጥሩ ነው» አለ። «ተመልሷል ማለት ነው።»

መጀመሪያ ላይ አልገባኝም። ቆይቶ ነው የገባኝ። እንግዶቹ ከሄዱበት ሰዓት እስከሚታሸግበት ጠዋት ያለውን ጊዜ ይዞ እኮ ነው! የተጋለጠ ሌባ ደንግጦ በዚያች ሌሊት መልሶ አስገባው ማለቱ ነው። ያን የሚያህል ስንዴ! በምን? ቁልፉስ እሱው እጅ አልነበር? በጀርባቸው? በዚያ ደረታቸው? ተነስቼ «ዘበኛውን ጠይቁት፣ ያን ሌሊት ማን ገባ?» አልኩ። ዘበኛው በር ላይ ቆሞ ነበር፣ አፉንም ከፍቶ ነበር። ሥራ አስኪያጁ «ስብሰባው አብቅቷል» አለ። ሰዉም ወንበሩን እያነሳ ወጣ። ቁጥር ሁለትም ወጣ፣ ቁጥር ሦስትም ወጣ፣ እውነቱን ያልጠረጠረ ግን አልነበረም።

ለጋሼ ስንብት ተደረገላቸው። መጋዘኑ ግቢ ውስጥ፣ ለስላሳ መጠጥና ዳቦ ቆሎ ቀርቦ፣ ጫኞቹም ጸሐፊዎቹም ባሉበት። ጋሼ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ፣ ሰፍቷቸዋል። ሥራ አስኪያጁ ክሊራንሱን በእጁ ይዞ ንግግር አደረገ። «የሰው ልጅ ይሳሳታል» አለ። «ከልብ ተጸጽቶ የመለሰ ሰው ግን ይቅር ሊባል ይገባል። እኛም ሽማግሌ ነው ብለን ይቅር ብለናል። በል፣ ወረቀትህን ከመውሰድህ በፊት ጓደኞችህ ፊት የምትለው ነገር ካለ በል።»

እሳት ጎርሼ ልነሳ ስል ጋሼ አዩኝና መዳፋቸውን ወደ ታች አደረጉ። «ተይ ልጄ» አሉ፣ ሁሉም እየሰማ። «ወረቀቱን ልያዝ።» ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረው ጎንበስ አሉ። «አመሰግናለሁ ጌታዬ» አሉ። ወረቀቱን ሰጣቸው። አጨበጨበ፣ ሰዉም አጨበጨበ። ዛሬ ድረስ ሰው ሲያጨበጭብ እኔ አላጨበጭብም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቤታቸው ሄድኩ፣ ለቡ። ያኔ ለቡ ግማሹ እርሻ ግማሹ የተጀመረ ግንብ ነው፤ ታክሲው እስከ ውስጥ አይገባም፣ ጭቃውን እየረገጥኩ በእግሬ ነው የገባሁት። ጋሼ ግድግዳ ሥር ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጡረታቸው ተፈቅዷል፤ ሳላቸውም ከአቧራው ሲርቁ ትንሽ ቀለል ብሏል። «እሰይ፣ ጋሼ! በቃ ተገላገሉ» አልኳቸው። «ተገላገልኩ» አሉ። ስለ ድንች አወሩኝ፣ ጓሮ ተክለዋል።

ባለቤታቸው ሽሮ ወጥ አቀረቡ፣ እየተንተከተከ። ሰላም ሲሉኝ አልለቅ አሉኝ፤ ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባሬን ሳሙኝ፣ ጉልበቴንም ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ከለከልኳቸው።

«ስለ አንቺ ሁሉን ሰምቻለሁ» አሉ። «ያ ጫኙ ጎረቤታችን ነግሮናል፣ አንቺ ነሽ አሉ ጥብቅና የቆምሽለት። አንቺ ባትጨቀጭቂው ኖሮ እስር ቤት ነበር። እግዜር ብድርሽን ይክፈልሽ የኔ እናት! እንኳን መከርሽው። እንኳንም መለሰው!»

እንጀራውን መልሼ አስቀመጥኩ። «እትዬ፣» አልኩ፣ «ጋሼ እኮ ምንም አልወሰዱም። አንዲት ጆንያ አልነኩም። ማሽኑ ነው፣ ቁጥሩ ነው...»

ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው። «ይሁን ልጄ፣ ይሁን። አልፏል። ልጆች ስናሳድግ ስንት ችግር ነበር፣ እኔም አልፈርድበትም። የት ደብቆት እንደነበር ብቻ እስካሁን አልነገረኝም።»

ወደ ጋሼ ዞርኩ። ከሞሰቡ ላይ ዓይናቸውን አላነሱም።

«ተያት ልጄ፣» አሉ፣ «እኔም እንዳንቺው ነግሬያታለሁ። ብይ፣ ሳይቀዘቅዝ።»